በእቴቴ ግዝት የታሰረ ድምፅ

ላስ ቬጋስ፣ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለገንዘቤ፤

የቶሳ ተራራን ብርድ ችላችሁ እንዴት ከረማችሁ? የእናታችን የእቴቴ ደመቀች ጉልበት እንዴት ነው? እኔ በረሃውን ያሻገረኝ አምላክ ስሙ ይመስገንና አለሁ። ካዚኖው ልብስ ክፍል ውስጥ አሁንም ለገቢው ሺፍት የደንብ ልብስ እሰጣለሁ፣ ከወጪው እቀበላለሁ።

እንደ ወትሮው በወረቀት ጽፌ፣ በስልክ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልሽ። የስልኩ ፊደል ለጣቴ እምቢ ብሏል። የፊተኛውን ገጽ እንደ ልማድሽ ለእቴቴ አንብቢላቸው። የኋለኛው ግን ላንቺ ብቻ ነው።

አዲስ ነገር አለ። ልጄ አርያም ለምክር ቤት ልትወዳደር ነው። የከተማው አይደለም፤ ዋሽንግተን ተቀምጦ የአገሩን ሕግ የሚያወጣው ነው። ወንበሩን ብዙ ዘመን የያዘ ሰውዬ አለ። እሱም እሷም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው፤ ከሌላው ፓርቲ ጋር ከመግጠማቸው በፊት ሰኔ መጀመሪያ ላይ እርስ በርሳቸው ተወዳድረው ይለያሉ። «በአንድ ቤት ሰው እንዴት ይጣላል?» ብላት፣ «አባዬ፣ ጠብ አይደለም፣ ፕራይመሪ ነው» አለችኝ።

የምትለው አንድ ነገር ነው። መንግሥት በጣም ተልቋል፣ እጁን ከሰው ኪስና ከሰው ጓዳ ያውጣ ነው። «ይነስ ካልሽ ታዲያ አንቺ ልትጨመሪበት ለምን ትሄጃለሽ?» አልኳት። ሳቀች፣ ስልኳ ጮኸ፣ መልሱ በዚያው ቀረ።

እኔ ግን ግራ ገብቶኛል። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ላቀች ኩላሊቷ ከደከመ በኋላ ደም ማጠቢያ ማሽን ላይ ስትተኛ የከፈለላት መንግሥት ነው። ቻይናታውን ሕክምናው ደጅ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ እስክትወጣ ስጠብቃት፣ ለዚህ መንግሥት ስንት ጊዜ ጸልዬለታለሁ! ያው መንግሥት ደግሞ፣ ላቀች ጤነኛ ሳለች፣ ሳሎናችን ውስጥ የሰፈር ልጆች ሹሩባ ስትሠራ ፈቃድ የለሽም ብሎ ቀጥቷታል። አርያም ያኔ ልጅ ነበረች። እናቷ ማበጠሪያዋን በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ስትሰቅለው አይታለች። እሷ ያየችው ማበጠሪያውን ነው፣ እኔ ያየሁት ማሽኑን። የማናችን እውነት እንደሚበልጥ ላቀችን ብጠይቃት ደስ ባለኝ።

ላንቺ ብቻ፦

እዚህ አገር ለምርጫ ስትመዘገቢ ፓርቲሽን ይጠይቁሻል። ዜግነት የወሰድኩ ጊዜ «የለኝም» ብዬ ነው የፈረምኩት። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ወንድማችን ተፈሪ የፓርቲ አባል ነህ ተብሎ በተወሰደና አስከሬኑ እንኳ በተከለከልን ሰሞን፣ እቴቴ እኔንና አንቺን ጓዳ አስገቡን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ከናንተ ስሙን ለፓርቲ የሰጠ ቢኖር አጥንቴ እሾህ ሆኖ ይውጋው» ብለው ገዘቱን። ያን ቃል ባሕር አሻግሬ ይዤው ኖርኩ።

በሰኔው ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ግን በፓርቲው የተመዘገበ ብቻ ነው። ስሜን ካልጻፍኩ የገዛ ልጄን አልመርጥም። አርያም ይህን አታውቅም። በየስብሰባው «የመጀመሪያው ድምፄ አባቴ ነው» ትላለች። ሰው ያጨበጭባል። እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ።

የንስሐ አባቴን አባ ገብረጻድቅን ጠየቅኋቸው። «ልፈታህ እችላለሁ፤ የገዘተችህ እናት በሕይወት ካለች ግን አስቀድመህ እሷን ለምን» አሉኝ። መመዝገቢያው ግንቦት ውስጥ ይዘጋል። እህቴ፣ አንቺ ለምኚልኝ። «አጥንቴ አይውጋህ» የምትል ቃላቸው ትበቃኛለች።

ወንድምሽ ዘውገ

———

ደሴ፣ የካቲት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘውገ፤

የባለሥልጣን አባት ሆይ፣ ከወገብ ጎንበስ ብዬ ልጻፍልህ ወይስ እንደ ድሮው «አንተ ቀውላላ» ልበልህ? የቶሳ ብርድ እኛን ለምዶናል፣ እኛም እሱን። እማዬ ደህና ናት፣ ትመርቅሃለች።

ወሬህን አንብቤላት ሳልጨርስ ሰፈሩ ሰማ። ጎረቤታችን ማርዋ እልልታዋን አቀለጠችው። «ልጅቷ መንግሥት ይነስ ነው የምትል? እዚያ የቀነሰችውን እዚህ እንዳታራግፍብን ብቻ ንገሪልኝ» አለች። ስንስቅ ዋልን።

እማዬ «የልጁ ልጅ ተሾመች?» ብላ ጠየቀች።

«አልተሾመችም እማዬ፣ እየለመነች ነው።»

«ምን ትለምናለች?»

«የሰው ድምፅ።»

«ደግ ነው። የለመነ ነጥቆ አይበላም» አለች።

እኔማ በዕድሜዬ የሚለምን መንግሥት አይቼ አላውቅም፣ እውነቴን ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ካሸነፈች እዚህ ላለው ሆስፒታል የኩላሊት ማሽን ታስልክልን። የሰፈራችን ሰው በሽተኛ ተሸክሞ አዲስ አበባ እየተመላለሰ አለቀ። «መንግሥት ይነስ» ባይ መሆኗን አልዘነጋሁም፤ ከመቀነሷ በፊት ይቺን ብቻ ታድርግልን። ፎቶዋንም ላክልን፣ ማርዋ ግድግዳዋ ላይ ልትሰቅለው ትላለች።

ሌላው ሌላ ጊዜ።

እህትህ ገንዘቤ

———

ላስ ቬጋስ፣ መጋቢት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለገንዘቤ፤

ጾሙን የምንጾምለት ጌታ በሰላም ያስፈጽማችሁ። የማርዋን ነገር ለአርያም ነግሬያት ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። ፎቶዋን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ማሽኑንም ነገርኳት። «እሱ የመንግሥት ሥራ አይደለም አባዬ። ሰው ለሰው የሚያደርገው ነው። ባሸንፍም ባላሸንፍም እኔ ራሴ ፈንድሬይዝ አደርጋለሁ» አለችኝ፤ ገንዘብ ላሰባስብ ማለቷ ነው። ይህ እንግዲህ እሺ ይሁን እምቢ አንቺው ፍረጂው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አርትስ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር፣ አንድ የጓደኛዋ ሱቅ ውስጥ ለአበሾቹ ንግግር አደረገች። ታክሲ ሲነዳ ያረጀውን ሊውልን ጽፌልሽ አውቃለሁ፣ ሱዳን አንድ ድንኳን ውስጥ የነበርነውን። ብድግ አለና፣

«ልጄ፣ እናትሽን ያሳከማት ማን ሆነና ነው እንዲህ የምትይው? አፍሽ አይከብድሽም?» አላት።

እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ጋሼ ሊውል፣ እናቴ ስትታመም መንግሥት ረዳት፣ ቴንክ ዩ እላለሁ። እናቴ ጤነኛ ሆና ስትሠራስ? ቀጣት። ለምን እሱ እኛን ስንታመም ብቻ ይወደናል?» አለችው።

አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ነገሩ ግን ሆዴ ገባ። ሊውልም «እሱስ…» ብሎ ተቀመጠ። መልሶ ወደኔ ዞር አለና፣ «ያንተስ መልስ ምንድን ነው?» አለኝ። እሱ ሲናገር እሱ ልክ ነው፣ እሷ ስትናገር እሷ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ስል ራሴን ታዘብኩት።

ላንቺ ብቻ፦

ስለ ባለፈው ገጽ አልመለስሽልኝም። ማንበብሽን ስልኩ ነግሮኛል፤ ሁለቱ ምልክት ይታየኛል። ተቀየምሽኝ እንዴ? እዚህ ፓርቲ ማለት እንደዚያኛው አይደለም። ማንም ለማንም አይሞትም። ስምሽን ትጽፊያለሽ፣ ማስታወቂያ በፖስታ ይመጣልሻል፣ ትጥይዋለሽ። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። እጄ ግን አያውቀውም።

ወንድምሽ ዘውገ

———

ደሴ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘውገ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ዘግይቻለሁ፣ ምክንያት አልደረድርም። ዛሬ ለእማዬ የሚነበብ የለም፣ ሁሉም ላንተ ነው።

አልተቀየምኩህም። ያልነገርኩህ ነገር ስላለ ነው። እማዬ ካለፈው ክረምት ወዲህ የተፈሪን ሞት ረስታዋለች። በስልክ ስትመርቅህ ደህና ትመስልሃለች፣ ምርቃቷን አልረሳችም። ጠዋት ግን ስትነሳ «ተፈሪ ወጣ?» ትለኛለች። «ወጣ» እላታለሁ። «ምሳውን አስቀሪለት» ትላለች። አስቀርለታለሁ። ሲመሽ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ምሳውን እኔ እበላዋለሁ።

የላክኸውን ፎቶ አሳየኋት። «የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። «የዘውገ» አልኳት። «የተፈሪ ናት እንጂ፣ ግንባሯ» ብላ ሳመቻት። ተውኳት።

ዘውገዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስትቃጠል አይቻታለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ስትደነግጥ፣ በበዓል ቀን ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ። አሁን ፊቷ ረጋ፣ እህል ተመገበች። ታዲያ ምን ብዬ ነው «ግዝቱን ፍቺ» የምላት? «የምን ግዝት?» ስትለኝ ምን ልመልስላት? ግዝቱን ላነሳ ስል ተፈሪን እንደገና ልቅበርባት?

አልችልም። ብትቆጣኝም አልችልም።

ስለ ማሽኑ ያልኩህን ተወው። እኔ ስንቱን ጠየቅኩህ፤ አንተ አንዲት ጠየቅኸኝ፣ ያችኑ ነሳሁህ።

ገንዘቤ

———

ላስ ቬጋስ፣ ግንቦት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለገንዘቤ፤

ይህ ለእቴቴ የሚነበብ ነው። እቴቴ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። የልጅ ልጅዎ አርያም እንደ እሳት በሚጋረፍ ፀሐይ በእግሯ በር ለበር እየዞረች ነው። አንዷ ቀዝቃዛ ውሃ ትሰጣታለች፣ አንዱ በሩን ፊቷ ላይ ይዘጋዋል። «ስማችሁን ስጡኝ፣ ድምፃችሁን ስጡኝ» ትላለች። ሲመሽ እኔ ዘንድ ትመጣለች፣ እግሯን በጨው ውሃ እዘፈዝፍላታለሁ። ይመርቁልኝ።

ላንቺ ብቻ፦

«ሲመሽ ትመጣለች» ያልኩት እውነት አይደለም። ትመጣ ነበር።

በጎ ፈቃደኞቿ በየሰፈሩ ሲዞሩ ስልካቸው የፓርቲውን ሰዎች በር ብቻ ነው የሚያሳያቸው። በቀደም የኔ ሰፈር ደረሱ። በመስኮት አየኋቸው። የቀኝ ጎረቤቴን አንኳኩ። የኔን በር ዘለው የግራውን አንኳኩ። ደረታቸው ላይ «አርያም ዘውገ» የሚል አለ። ስሜን ደረታቸው ላይ አድርገው በሬን አልፈውኝ ሄዱ። በየመንገዱም ተሰቅሏል፣ ግሪን ቫሊ የሚባለው ሰፈር ድረስ። ስሜ ያልደረሰበት የለም፤ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

ልጆቹ ሳይነግሯት እኔ ልንገራት ብዬ ማታውን አስቀምጬ ነገርኳት። ተፈሪን፣ ጓዳውን፣ ግዝቱን፣ ሁሉንም። ስለ ተፈሪ ነግሬያት አላውቅም ነበር። እግሯ ውሃው ውስጥ እንዳለ ሰማችኝ።

«አባዬ፣ እነዚያ የገደሉት ሰዎች እኮ የሉም። ሞተዋል።»

«አዎ።»

«ያንተን ድምፅ ግን አሁንም ይዘውታል። አንተ ነህ የሰጠሃቸው።»

እግሯን ሳታደርቅ ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ትደውላለች፣ ደህና ነህ ትለኛለች፣ ግን አትመጣም።

ልክ ናት? አላውቅም። ግዝቱን የጠበቅኩት እቴቴን አክብሬ ይሁን፣ አክባሪ መስዬ ፍርሃቴን ደብቄ ይሁን፣ ይህን ዕድሜ ሁሉ ለይቼው አላውቅም። ጸሎት ላይ ስቆም ይህንኑ እጠይቃለሁ። መልስ የለም። መልሱ እኔው ዘንድ ስላለ ይሆናል።

እቴቴን ግን አትጠይቂያቸው። የጻፍኩልሽን እንዳልጻፍኩ ቁጠሪው። መመዝገቢያው ይዘጋ። ተፈሪ ምሳውን ይብላ።

ወንድምሽ ዘውገ

———

ደሴ፣ ግንቦት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘውገ፤

ሰላምታውን ተወው፣ ነገሩ ይቅደም።

የፊተኛውን ገጽ ለእማዬ ሳነብላት ማርዋ አጠገባችን ሽንኩርት ትልጥ ነበር። «ስማችሁን ስጡኝ» ከምትለው ላይ ስደርስ እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«አባቷስ ሰጣት?»

ስልኩን ጭኔ ላይ ገለበጥኩት።

«ምነው ተለጎምሽ? ተፈሪ ለገዛ ልጁ ስሙን ነሳት?»

እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። «አንቺ ገዝተሽው ነዋ እማዬ» አልኩ።

«እኔ? ልጄን? ምን ብዬ?»

«ስሙን የሰጠ አጥንቴ እሾህ ሆኖ ይውጋው ብለሽ።»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የባነንኩት። አሁን ታስታውሳለች፣ አሁን ትጮኻለች ብዬ ፊቷን አየሁ። እማዬ ክንዷን ከጋቢው አወጣች፣ አገላብጣ አየችውና ሳቀች።

«ይኼ ነው የሚወጋው? ይኼ እንኳን ሰው ሊወጋ ማንኪያም አልሸከም አለኝ!»

ማርዋ ሽንኩርቱን ጥላ ተንከተከተች። «እትዬ ደመቀች፣ የርስዎ አጥንትማ ለጥርስ መጎርጎሪያም አይበቃ!» አለቻት። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ከዚያ እማዬ ኮስተር አለች። እንደ ድሮዋ፣ ያኔ እንደምናውቃት። «በይ ጻፊ። ተፈሪን ፈትቼዋለሁ በይው። ለልጁ ይስጣት። አጥንቴ አይውጋው። ሲመሽ ግን ቤት ይግባ።»

ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩልህ። «ዘውገ» አላለችም፣ «ተፈሪ» ነው ያለችው። ይህ ፍቺ ላንተ ይቆጠር ለእሱ፣ እኔ አላውቅም። ከዚያ ቀጥላ ምሳውን እንዳስቀርለት አዘዘችኝ።

ቀኑ ካልተዘጋ ፍጠን። ወይም አትፍጠን። እኔም ግራ ገብቶኛል።

ገንዘቤ

———

ላስ ቬጋስ፣ ሰኔ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለገንዘቤ፤

ዛሬ ገጹን ገልብጬዋለሁ። ይህ የፊተኛው ያንቺ ነው፣ ለእቴቴ የሚነበበውን ከታች አድርጌዋለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሥራ ላይ ነው። የሺፍት መለወጫ ሰዓት ነበር። አንዷ የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ልብሷን ጠይቃኝ የሌላ ሰው ልብስ ሰጠኋት። «ዘውገ፣ ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ምን እንደሆንኩ ብታውቅልኝ ደስ ባለኝ። እንደወጣሁ ቀጥታ መመዝገቢያው ሄድኩ፣ ከመዘጋቱ በፊት። አባ ገብረጻድቅን አልጠየቅኋቸውም። ቢፈቅዱልኝም ቢከለክሉኝም ይቀለኝ ነበር፤ የቀለለኝን እንዳልይዝ ፈራሁ።

ስሜን ስጽፍ እጄ «ተፈሪ» ብሎ ሊጀምር ቃጣው። ከዚያ «ዘውገ» ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ ዕለት ድምፄን ሰጠሁ። ወረቀቱ ላይ የሰውዬውም የልጄም ስም ነበር። ማሽኑም ማበጠሪያውም መጡብኝ፣ ሁለቱም ዓይኔ ላይ ቆሙ። የመረጥኩት ሐሳቧን ይሁን እሷን፣ እስካሁን አላወቅሁም። ድምፁን የሰጠሁት እኔ ልሁን ተፈሪ፣ እሱንም አላውቅም። እጄ ግን ሥራውን አወቀው። ይህን ልነግርሽ እወዳለሁ።

ተሸነፈች። ሰውዬው በሰፊው አሸነፋት። ትናንት ቁጥሩ ሲረጋ ደውላ እንኳን ደስ አለህ አለችው፣ እሱም አመሰገናት። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ስልኩን ይዤ ሌላ ነገር ስጠብቅ ነበር፣ እንደ ተፈሪ «ተወሰደች» የሚል፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ምንም አልመጣም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የመኪናዋን ድምፅ ሰማሁ። በሩን ከፈትኩ። ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማለች።

«መረጥከኝ?» አለችኝ።

«መረጥኩሽ።»

«ግዝቱስ?»

ያንቺን ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩላት። የእቴቴን ክንድ ስትሰማ ሳቀች፤ የመጨረሻዋን ቃል ስትሰማ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እንዴት ያለ ቃል ነው» አለች በአማርኛ። ሽሮ በላን። ከቁም ሳጥኑ ላይ ያቺን ፌስታል ራሷ አወረደችና የእናቷን ማበጠሪያ አጠበችው። ምን ልታደርገው እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ስለ ኩላሊት ማሽኑ «አሁን ጊዜ አለኝ» ብላሻለች።

እኔ ዛሬ ጠዋት ስሜን ከፓርቲው አስወጣሁ። አርያምን ቢከፋት ብዬ ፈርቼ ነገርኳት። «ትንሽ ፓርቲ፣ ትንሽ መንግሥት፤ ልክ ነህ አባዬ» አለችኝ። ይህን ተረብ ይሁን ምርቃት ማርዋን ጠይቂልኝ።

ለእቴቴ የሚነበብ፦

እቴቴ ደመቀች፣ ቃልዎ ደርሶናል። ስሙ ለልጅቷ ተሰጥቷል። አልተሾመችም፣ ሰው ሌላውን መርጧል፤ ክፉ የተናገራት ግን የለም። ሲመሽ ቤት ገብታለች። እግሯን ታጥባ፣ በልታ፣ ተኝታለች። ደጅ የቀረ የለም፣ በሩም ተዘግቷል። እርስዎም ይተኙ።

ልጅዎ ዘውገ